ዋስ የማይሆን ሰው

ሰሞኑን «ቴምፖራሪ» የሚባል ልብ ወለድ አነበብኩላችሁ። የአሜሪካዊቷ ሂላሪ ላይክተር ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020። ባለታሪኳ ጊዜያዊ ሠራተኛ ናት፤ በተላከችበት ሁሉ የሌላ ሰው ቦታ ትሸፍናለች። አንዴ የባህር ወንበዴዎች መርከብ ላይ፣ አንዴ የነፍሰ ገዳይ ረዳት ሆና። ምኞቷ አንድ ብቻ ነው፦ ቋሚ መሆን!

እናላችሁ፣ የጃፓኗ ሂሮኮ ኦያማዳም እ.ኤ.አ. በ2013 «ፋብሪካ» የሚል አላት። እዚያ አንዷ በኮንትራት ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ወረቀት በማሽን ስትከትፍ ትውላለች። ግቢው ከተማ ያክላል፤ ምን እንደሚመረትበት ግን በውል የገባው የለም።

«ቅዠት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት ሠርቻለኋ! ቀኑ ሲቃረብ የአለቃ ፊት ማንበብ ይጀመራል። «ደህና ዋልክ?» ያለበት ድምፅ ሳይቀር ይመዘናል። አከራይዋ «ሥራው ቋሚ ነው?» ሲሉ ጉሮሮ ይደርቃል።

አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። በወረቀት እኔ ሙከራ ላይ አልነበርኩም፤ በኑሮ ግን ሦስቱንም ዓመት ስሞከር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ዋስ አምጣ ሲባል፣ ደረቴን ነፍቼ የደመወዝ ደብዳቤ ልጠይቅ ሄድኩ። «ኮንትራት ዋስ አይሆንም» አሉኝ። ለወንድሜ ይህን መንገር ከሥራ ከመባረር ይብስ ነበር።

ታዲያ የነዚህ ደራስያን ምናብ ከልክ አለፈ የሚል ሲያጋጥመኝ ፈገግ እላለሁ። ያቺ ሴትዮ እንኳ ወንበዴዎቹ መርከብ ላይ ስትወጣ «ዋስ አምጪ» ያላት የለም።