ጥላሸቱ ለቋል

ታፔላን ከተሰቀለ በኋላ የማያነበው ሰው የለም። ከመሰቀሉ በፊት የሚያነበው ግን ብርቅ ነው።

ድሮ ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የሚጽፈው ሰው «ምግብ ቤት»ን «ምብግ ቤት» ቢያደርገው፣ በማግሥቱ መሰላሉን አስደግፎ፣ ቀለም ደርቦ ያርመዋል። ዛሬ ግን ታፔላው በእሳት መጻፍ ጀምሯል። እሳት ደግሞ ላጲስ የለውም።

እሳቱ ሌዘር የሚሉት ነው። ኩማር ፓቴል የተባለው የሕንድ ተወላጅ ሳይንቲስት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን ሌዘር አሜሪካ፣ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። እንጨት ከሚቆርጡት ማሽኖች ብዙዎቹ የዚያ ልጆች ናቸው። እኛም ጋ ደርሶ የሱቅ ስም፣ የሠርግ ስጦታ፣ የምርቃት ማስታወሻ ይቆርጣል።

አጎቴ ሐራ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ወልድያና አካባቢዋ ከ2013 ነሐሴ እስከ 2014 ታኅሣሥ በጦርነት ውስጥ ሲቆዩ ከሱቁ የተረፈው ግድግዳው ነበር። በተውሶ ሲንጀር ጀመረ፤ ቆይቶ የራሱን ገዛ። ያኔ «እንግዲህ ስም ያስፈልገኛል» አለ። በቆርቆሮ አይደለም፤ መርሳ አንድ ካፌ በር ላይ ያየው የእንጨት ጽሑፍ ልቡን ወስዶታል። ልጁ ጽሑፉን በስልክ አዲስ አበባ ላከ፤ እኔ ሄጄ እንድረከብ ታዘዝኩ።

ስደርስ ባለሙያው ወጣት ጥላሸት በማጽዳት ላይ ነው። ሌዘር እንጨትን አይጋዝም፤ ያቃጥለዋል፣ ያተነዋል። ጢሱ ታዲያ በየፊደሉ ዙሪያ ይቀመጥና ያጠቁረዋል። ኮምፔርሳቶ ሲሆን ሙጫውም አብሮ ስለሚቃጠል ይብሳል። ልጁ ጥንቁቅ ነው። ከመቁረጡ በፊት የእንጨቱን ፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖታል፤ ሲቆርጥም ጢሱን በኮምፕሬሰር አየር አባሮታል። አምልጦት የጠቆረውን ደግሞ አልኮል በነካ ጨርቅ ይጠርጋል። በጨርቅ እምቢ ያለውን፣ የእንጨቱን መስመር እየተከተለ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይፍቃል። ጠርዙ ላይ ያለው ግን ጢስ ሳይሆን ከሰል ነው፤ እሱን በእርጥብ ጨርቅ ያሹት እንደሆነ ጭራሽ ፊቱን ይለቀልቀዋል። ሰሌዳው ወደ እሱ ስለዞረ እኔ የማየው ጀርባውን ብቻ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የሰው ጥንቃቄ ማየት ደስ ይላል።

ጨርሶ ወደ እኔ አዞረው። «የሐራ ዘመናዊ የልብ ስፌት» ይላል።

«የልብስ ነበር እኮ የሚለው» አልኩት።

እኔን አየኝ፤ ሰሌዳውን አየ፤ ስልኩን አወጣ። የተላከለት ጽሑፍ ልክ ነው። ሁለቱ «ስ» ተከታትለው ስለመጡ ኮምፒውተሩ ላይ ሲገለብጥ አንዷን ውጧታል። ትንሽ ዝም አለና፣ «ጥላሸቱ ግን ሙሉ በሙሉ ለቋል ጋሼ» አለኝ።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። ወሎዬ ለጨዋታ አይሰንፍምና «አብሽር፣ እንዳለ አምጣው፣ ስንት የተቀደደ ልብ አለ!» የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም።

«ስማ፣ እኔ ሳልለካ መቀስ አነሣለሁ? ያንን ሰቅዬ ብቀመጥ፣ ሙሽራ ሊያለብስ የመጣ ሰው ‘የገዛ ስሙን ያላነበበ የእኔን ትከሻ ይለካል?’ አይለኝም?»

ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ልጁም ሰማው። የእንጨቱን ዋጋ ራሱ ችሎ እንደገና ሊቆርጥ ተነሣ። በዚህኛው ዙር ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው።

ለነገሩ ይህ ለወሎ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የጁ እንደ ዳና ያሉ ስመ ጥር የእስልምና ትምህርት ማእከላት የነበሩበት አገር ነው። የቁርኣን ተማሪ ለውህ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ሲጽፍ ኖሯል። የጻፈውን ለመምህሩ አንብቦ ሳያሰማ ሰሌዳውን አጥቦ ወደሚቀጥለው አያልፍም። እዚያ ፊደሉ ራሱ ጥላሸት ነው፤ ስሕተት ቢኖርም በውሃ ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ማንበብ ግዴታ ነው። በሌዘሩ ነገሩ ተገልብጧል፤ ጥላሸቱ ይለቃል፣ ፊደሉ አይለቅም። በውሃ የሚታጠበውን እያነበበ ያሳለፈ አገር፣ የማይታጠበውን ሳያነብ መስቀሉ ይገርማል።

ሐራን ራሷን ውሰዷት። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ስሟን በአገር ካሰማ ወዲህ፣ አንዱ «ሐራ»፣ ሌላው «ሃራ»፣ ሦስተኛው «ሀራ» እያለ ይጽፋታል። በአፍ ሲጠሯት አንድ ናት፤ እንጨት ላይ ስትቀረጽ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው ደግሞ ከእሳቱ በፊት እንጂ በኋላ አይሆንም።

ታፔላ የምታሠሩ ወገኖች፣ ስለ ጠቆረ ጠርዝ ከመከራከራችሁ በፊት ጽሑፉን ለአንድ ሌላ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የጠቆረውን ጠርዝ ሰው ይለምደዋል፤ የጎደለች «ስ» ግን በር ላይ ቆማ ዓመቱን ሙሉ መንገደኛ ታስቃለች።