እንግዳን በመጠጥ ስለ ማስገደድና ስለ መኪና መንዳት

በሀገራችን ልማድ የእንግዳን ጽዋ ጎድሎ ማየት ለጋባዥ ነውር ነው። እንግዳው «ይበቃኛል» ሲል ጋባዡ «በሞቴ» ብሎ ይለምነዋል፤ እንግዳውም የወዳጁን ሞት የናቀ እንዳይመስል ይጠጣል። ይህ ልማድ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ እኛም በዚሁ ተወልደን በዚሁ አድገናል። ዳሩ ግን ልማዱ የጸናው እንግዳ በእግሩ ወይም በበቅሎ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ዘመን ነበር። በቅሎ ጌታዋ ቢሰክርም መንገዷን ታውቃለች፤ ገደል ሲያጋጥማትም ትቆማለች። መኪና ግን ዐይንም ልብም ስለሌላት ነጂዋ ሲሰክር አብራው ትሰክራለች።

ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጃችንን ክርስትና ባከበርንበት ቀን አንድ የልብ ወዳጃችን ከሚስቱና ከስድስት ዓመት ሴት ልጁ ጋር መጣ። ሁለት ብርሌ ጠጅ ከጠጣ በኋላ መኪና የሚነዳ መሆኑን ነግሮን የብርሌውን አፍ በመዳፉ ከደነ። እኛም «በሞቴ» አልነው፤ እጁን አነሣ። ለአራተኛውም እንዲሁ አደረግን። በመጨረሻም ሊሄድ ሲነሣ በቆመበት የመሰናበቻ ብለን አረቄ ቀዳንለት። ይህን ሁሉ ስናደርግ በዙሪያችን የነበሩት ሰዎች ደግነታችንን ያመሰግኑ ነበር፤ እኛም ራሳችንን እንደ ደግ ሰው ቈጥረን ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ስልክ ተደወለልን። መኪናይቱ ከመንገድ ወጥታ ከጐርፍ መውረጃ ቦይ ገብታ ኖሯል። ወዳጃችንና ሚስቱ በደኅና ወጡ፤ ሕፃኒቱን ግን ሐኪም ቤት ደርሰን ስናያት ግንባሯ ተሰፍቶ ነበር። እናቲቱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችንም፤ ነገር ግን ሰላምታ ስንሰጣት ዐይኗን አላነሣችም። ወዳጃችን ከዳኛ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ ቅጣቱንም ተቀበለ። እኛን ግን ማንም አልጠየቀንም። ጽዋውን የጨበጠው እጅ ሲቀጣ ጽዋውን የቀዳው እጅ በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሰክሮ መንዳትን የሚከለክለው ሕግ በሌሎች ሀገሮች እንዴት እንደ ተሠራና ሕዝቡም እንዴት እንደ ተቀበለው ስንመረምር ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን የእንግሊዝ ሀገር ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ሀገር በ1872 የወጣው ሕግ ሰክሮ በአውራ ጐዳና ላይ ሠረገላን፣ ፈረስን ወይም ከብትን መንዳትን ይከለክል ነበር፤ በ1925 ደግሞ ክልከላው በሞተር ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ተደረገ። ይሁን እንጂ አንድን ነጂ ሰክሯል የሚያሰኘው ልክ በቍጥር አልተወሰነም ነበር። ፖሊስ የተጠረጠረውን ሰው በመስመር ላይ ያስኬደዋል፤ ምላስ የሚያደናቅፍ ቃልም ያስብለዋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በተመልካቹ አስተያየት ላይ ይወድቃል። ለፍርድ ከሚቀመጡትም ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ከግብዣ መልስ የሚነዱ ስለ ነበሩ በተከሳሹ ስፍራ ራሳቸውን እያዩ ይራሩለት ነበር።

ኖርዌይ በነጂ ደም ውስጥ የሚፈቀደውን የአልኮል ልክ በ1936 በሕግ ስትወስን እንግሊዝ እስከ 1967 ቆየች። በዚያን ጊዜ የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩት በወይዘሮ ባርባራ ካስል ዘመን በወጣው ሕግ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም የበለጠ አልኮል የተገኘበት ነጂ ወንጀለኛ ነው ተባለ። ከኦክቶበር 9 ቀን 1967 ጀምሮም ፖሊስ ነጂዎችን በትንፋሽ መመርመሪያ መሣሪያ ይመረምር ጀመር።

የሕዝቡ ቍጣ ታላቅ ነበር። መጠጥ ሻጮች ገበያችን ጠፋ ሲሉ፣ ሌሎች ነጻነታችን ተነካ አሉ። ሚኒስትሯ መኪና የማይነዱ መሆናቸው ለመዘበቻ ምክንያት ሆነ፤ የዛቻ ደብዳቤም ደረሳቸው። ነገር ግን ስለ እርሳቸው ቍጥር መለሰላቸው። በ1966 በብሪታንያ መንገዶች የሞቱት ሰዎች 7,985 ሲሆኑ በ1968 ቍጥሩ ወደ 6,810 ወረደ፤ ለዚህም አንዱ ታላቅ ምክንያት አዲሱ ሕግ ነበር።

ቢሆንም ሕግ ብቻውን አልበቃም። ሰው ፍርሃቱን ሲለምደው መጠጡ ተመለሰ፤ በ1979 በነጂዎች መጠጥ ምክንያት በደረሰ አደጋ የሞቱት 1,640 ያህል እንደ ሆኑ ተገመተ። ከዚያ በኋላ ምርመራው እየበረታ፣ በየዓመቱም በገና በዓል ሰሞን በቴሌቪዥን የሚሰጠው ምክር እየተደጋገመ ሲሄድ የሕዝቡ አሳብ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ቀድሞ ሰክሮ መንዳቱን በሳቅ ይተርክ የነበረ ሰው አፍሮ ዝም አለ። ቀድሞ ሊሰናበት ሲነሣ «ለመንገድ» ተብሎ ይቀዳለት የነበረ እንግዳም የመኪናውን ቍልፍ እንዲያስቀምጥ ይለመን ጀመር። በ2015 በዚሁ ምክንያት የሞቱት 200 ያህል ነበሩ። መኪናዎቹና መንገዶቹ መሻሻላቸውም ረድቷል፤ ነገር ግን ነውሩ ቦታውን ባይለውጥ ኖሮ ይህን ያህል ባልተገኘ ነበር። ነውሩ ቀድሞ «አልጠጣም» በሚለው እንግዳ ላይ ነበር፤ በኋላ ግን በሚያስገድደው ጋባዥ ላይ ሆነ። ስለዚህ ስኮትላንድ በ2014 ልኩን ከ80 ወደ 50 ሚሊ ግራም ዝቅ ስታደርግ የ1967ቱን የመሰለ ቍጣ አልተነሣም።

ዛሬ በአዲስ አበባም የትራፊክ ፖሊስ ነጂዎችን በትንፋሽ መመርመሪያ ይመረምራል። መመርመሪያው ግን በመንገድ ላይ እንጂ በእልፍኝ ውስጥ አይቆምም፤ የእልፍኙ ዘበኛ ጋባዡ ነው። በቤት የሚጠመቀው መጠጥ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፤ የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት ጠጅ በብርታት ይለያልና ብርሌ በመቍጠር ልክን ማወቅ አይቻልም። ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ እንቅልፍን ቢያባርር እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም። የሚያጠራው ጉበት ነው፤ እርሱም ሥራውን በሰዓታት እንጂ በደቂቃዎች አይፈጽምም። ከሁሉ የሚከፋው መጠጥ አስቀድሞ የሚነካው ማመዛዘንን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «ደኅና ነኝ፣ እነዳለሁ» የሚል የጠጣ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንም። ነገሩ መወሰን ያለበት መጠጡ ሳይቀዳ ነው።

ይህን ከተረዳን ወዲህ በቤታችን አንድ ሥርዐት አቁመናል። እንግዳ ሲገባ ማን እንደሚነዳ እንጠይቃለን፤ ለሚነዳውም ከሌሎቹ ተለይቶ እንዳያፍር በዚያው በብርሌ ብርዝ ይቀርብለታል። ባለፈው ዓመት ያ ወዳጃችን ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ግብዣችን መጣ። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን በእጁ ያለው ብርዝ መሆኑን ባወቁ ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ይህ የሕፃን መጠጥ ነው፤ በሞቴ አንድ ጠጅ ቅመስ» አሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛም የምንናገረው ጠፍቶን ሳለ የቤታችን እመቤት «አባባ፣ እሱ እኮ መኪና ይነዳል፤ ሞትዎን አያንሡበት» አለቻቸው። ሽማግሌው ቅር ተሰኝተው ጥቂት ቆዩና «ለካ እኔንም ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ እሱ ነው! እንግዲያስ የሱን ድርሻ ለኔ ቅዱልኝ» አሉ፤ ቤቱም በሳቅ ሞላ። ማታ ሲሰናበቱን የሕፃኒቱ እናት ዐይኗን አንሥታ ሳመችን።

በሀገራችን ሰውን የሚያስገድዱ ሁለት ታላላቅ ቃላት አሉ። አንዱ «በሞቴ» ነው፤ ሁለተኛውም «በሕግ አምላክ» ነው። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» በተባሉ ጊዜ ዘበኛ ባይኖርም ካሉበት ይቆሙ ነበር፤ ሕጉን የሚያስከብረው የእያንዳንዱ ሰው ኅሊና ነበርና። ክቡራን አንባቢዎቻችንም በሚመጣው በዓል እንግዳቸውን በሚቀበሉበት ጊዜ፣ ጠጁን ከመቅዳታቸው በፊት «የሚነዳው ማን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ለሚነዳውም «በሞቴ» የሚለውን ቃል እንዲተዉለት እንለምናለን።