ለዕቃ የተከራየነው ክፍል

የመጋቢ ሚስት ስለ ቤቷ ስታወራ ብዙ ጊዜ ያማረውን ታወራለች። እኔ ግን ዛሬ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው። ከመዘምራኖቻችን አንዷ፣ ከክፍለ ሀገር መጥታ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ፣ አመሻሽ ላይ ደወለችልኝ። አከራይዋ ቤቱን ስለፈለገው ልቀቂ ብሏታል። «እትዬ፣ ሌላ ቤት እስካገኝ ለሁለት ሳምንት ብቻ እናንተ ጋ ብሆን?» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ «የኔ ልጅ፣ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ቦታ የለንም። እንጸልይበታለን» አልኳት።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ የእሑዱን ስብከት እያዘጋጀ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ምንም አላለኝም። ራት ከበላን በኋላ ግን ተነሥቶ የመጨረሻውን ክፍል በር ገፋው። በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቆመ፤ ከኋላው ሻንጣ ይዞታል። «ለዚህ ክፍል በየወሩ ኪራይ እንከፍላለን። ማን እንደሚኖርበት ታውቂያለሽ?» አለኝ። ተናደድኩና፣ «ግማሹ ያንተ መጽሐፍ አይደለም እንዴ!» አልኩት። ያን ሌሊት ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን።

በሦስተኛው ቀን ልቤ ወቅሶኝ ስደውልላት ልጅቷ ሥራዋን ትታ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። ከጊዜ በኋላ አግኝቻት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እርሷም ይቅር ብላኛለች። ሥራዋን ግን አልመለስኩላትም።

ያ ክፍል እንዴት ሞላ? እኔ ያደግሁት በደርግ ዘመን ነው። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምንገዛበት በዚያ ጊዜ እናቴ ባዶ ጣሳና ጠርሙስ እንኳ አትጥልም ነበር። «አንድ ቀን ይጠቅማል» ትላለች፤ ደግሞም ይጠቅማል። እኔ ስዳር ያ ቃል አብሮኝ ተዳረ። የእናቴ ግን ጥበብ ነበር፤ የእኔ ፍርሃት ነው። የመጋቢ ደመወዝ ይታወቃል፤ ቤትም በየጊዜው እንቀይራለን፤ ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ ያዝኩ። ፍርሃት ላይ ደግሞ ይሉኝታ ተጨመረ። የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰኝ ቡፌ ገዛሁ፤ ቡፌው ውስጥ 48 ብርጭቆ ደረደርኩ። እኛ አምስታችን የምንጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነበር።

ክፍሉን ስንፈትሽ ልጆቻችን ካደጉ በኋላ ያጠረባቸው ልብስ የሞላ 3 ሻንጣ፣ 2 የተበላሸ ቡታጋዝ፣ 9 ብርድ ልብስ፣ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ከካርቶን ያልወጣ የ12 ሰው ሰሃን ወጣ። በሉቃስ 12 ላይ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ በእህቶች ጉባኤ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ሰውየው እንኳ የገዛ ጎተራውን ነው ሊያሰፋ ያሰበው። እኔ ግን ጎተራ ተከራይቼ ነበር።

ዛሬ ወጣቶቻችን በጥቂት ዕቃ መኖርን «ሚኒማሊዝም» ይሉታል፤ በስልካቸውም ነጭ ግድግዳና አንዲት የአበባ ማስቀመጫ ያሳዩኛል። ያምራል። እኔን የረዳኝ ግን በ2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችው የሱነም ሴት ቤት ነው። ለነቢዩ ኤልሳዕ በሰገነት ላይ ትንሽ ክፍል እንሥራለት ብላ ለባሏ አማከረችው። በክፍሉ ሊያኖሩለት ያሰበችው ዕቃ አራት ብቻ ነው፦ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መብራት። ባልና ሚስት የተመካከሩት ግድግዳው ባዶ እንዲሆን አይደለም፤ የሚያልፍ ሰው የሚያርፍበት እንዲያገኝ ነው። በጥቂቱ መኖር ለእኛ ትርጉሙ ይህ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ያነበብኩት የጆን ዌስሊ ስብከትም ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1787 በታተመው በዚህ ስብከት፣ በኦክስፎርድ አብረውት ከነበሩት ስለ አንዱ ይናገራል። ሰውየው በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28ቱ ኖሮ 2 ሰጠ። ገቢው 60 ሲሆን አሁንም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ። 90 ሲሆን 62፣ 120 ሲሆን ደግሞ 92 ሰጠ። ያን ጊዜ ለፈተና አጥንቼው አልፌ ነበር። ገቢው አራት እጥፍ ሲያድግ ኑሮው ባለበት መቆሙ የገባኝ ግን ከዚያ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነው።

ሥራውን ስንጀምር ተሳስተናል። በመጀመሪያው ቀን አሮጌ ጫማና ልብስ ለልዋጭ ሰጥቼ ሦስት አዲስ ሳፋ ይዤ ገባሁ! ባለቤቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን እርሱ ሳይኖር ሁለት ካርቶን መጽሐፉን ጠርዤ በር ላይ አስቀመጥኩ። በዚህኛው አልሳቀም፤ አዘነ። ውድ እህቴ፣ ከባልሽ ዕቃ አትጀምሪ። አንተም ወንድሜ፣ ከእርሷ ጫማ አትጀምር። እኔ ቡፌውን ስሸጥ ባየ ጊዜ ባለቤቴ ራሱ ሁለት ሁለት የሆኑትን መጽሐፎች መርጦ በገጠር ለሚያገለግሉ ወንጌላውያን ላከ። ማጫወቻ የሌላቸውን የስብከት ካሴቶች ግን አሁንም አልለቀቀም፤ እኔም ትቼለታለሁ።

ዕቃውን በሦስት ከፈልነው፦ የምንጠቀምበት፣ ለሰው የሚሰጥ፣ ለቁራሌው የሚሄድ። ለሰው በሚሰጠው ላይ አንድ ደንብ አወጣን፤ እኛ ልንለብሰው የምናፍርበትን ለማንም አንሰጥም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል የሚለው የመጥምቁ ዮሐንስ ትምህርት የተቀደደውን አራግፉ ማለት አይደለም። የሠርጋችን ሰሃን ከካርቶን ወጥቶ በየቀኑ እንበላበታለን፤ ሁለቱ ተሰብረዋል፤ ማንም አልሞተም። ከእናቴ ጣሳዎች አንዱን አስቀርቻለሁ፤ ቡና አኖርበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያላት አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ለሆነ እህት ስለ ጥቂት ዕቃ አትስበኩላት። በጥቂቱ መኖር ለእርሷ ምርጫ አይደለም። እርሷ የምትፈልገው ከእኛ ዘጠኙ አንዱን ነው። ደግሞም ባዶው ቤታችን አዲስ መመኪያ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ፤ በብርጭቆ ብዛት ይኮራ የነበረ ልብ በብርጭቆ ማነስም ሊኮራ ይችላል።

ዛሬ በዚያ ክፍል አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መብራት አለ። እስካሁን ስድስት ሰዎች አርፈውበታል፤ አንዲት እናት ለሕክምና መጥተው አንድ ወር ቆይተዋል። ሁልጊዜ ቀላል ነው አልላችሁም። እንግዳ ያደክማል፤ ልጆች ያጉረመርማሉ፤ አስቤዛው ያልቃል። ነገር ግን ስልኬ አመሻሽ ላይ ሲጮኽ እንደ ድሮው አልደነግጥም።

ውድ ባልና ሚስት፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዝጉና በቤታችሁ የማይከፈተውን በር አብራችሁ ክፈቱ፤ ቁም ሣጥንም ሊሆን ይችላል። ከኋላው ያለውን ዕቃ ከመቁጠራችሁ በፊት ግን ቦታ አጥቶ የተመለሰ ሰው ይኖር እንደሆነ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። ስሙ ትዝ ካላችሁ ሳትዘገዩ ደውሉለት። እኔ ሦስት ቀን ዘግይቻለሁ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።