መብራቱ አልጠፋም ነበር

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከምንሠራበት የኮምፒዩተር ክፍል መብራት ጠፋ ብዬ ነበር። አልጠፋም። «ታዲያ መብራት ጠፋ አልጠፋ ምን ያስጽፋል?» ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ፤ ነገሩ ከመብራቱ አይደለም።

አራት ሆነን የዓመቱን የቡድን ሥራ ይዘን ነበር። ሥራው ለአንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት የሚሆን መዝገብ ነው። ኮዱን የምናስቀምጠው ጊትላብ ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ጊትላብ ማለት ብዙ ሰዎች አንድን ፕሮግራም ተባብረው የሚጽፉበት ቤት ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛዋን መስመር እንደ ለወጠ ቁልጭ አድርጎ ይመዘግባል፤ ዛሬ ያበላሻችሁትን ወደ ትናንቱ ይመልስላችኋል። የመድኃኒቶቹ ስም ዝርዝር ግን እዚያ አልነበረም። እሱ ያለው በክፍሉ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ኮምፒዩተር፣ በዳታቤዝ ነው። 1,100 ያህሉን ስም ከመድኃኒት ቤቱ ደብተሮች እየለቀመች አንድ በአንድ ያስገባችው አንዲት ጓደኛችን ነች። ስለዚህም «ጸሐፊት» እንላታለን።

በዚያች ሌሊት በኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቼ ነበር፤ አንደኛው የሙከራው ዳታቤዝ፣ ሁለተኛው የእውነተኛው። እንቅልፍ እያዳፋኝ የሙከራውን ላጸዳ ብዬ እውነተኛውን ጠረግኩት። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሣ ገባኝ፤ ዳሩ ግን ለኮምፒዩተር አንዲት ሴኮንድ ዘመን ናት።

ጠዋት ሲመጡ «መብራት ሄዶ መጣና ዲስኩን በላው» አልኩ። ማን ይጠራጠራል? መብራት ሄዶ መምጣቱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጸሐፊት ደብተሮቹን እንደገና ተሸክማ መጣችና ዘጠኝ ሌሊት ቁጭ ብላ ጻፈች። እኔም፣ አይ እኔ! ሻይ እየገዛሁ አጽናናት ነበር።

ሥራችንን አቅርበን ካለፍን በኋላ፣ ከአራታችን አንዱ፣ ምንም ነገር ስለማይጥል «ቋጣሪው» የምንለው ልጅ፣ ለፊልም ቦታ ይሆነኛል ብሎ ፍላሹን ሲያጸዳ አንድ ፋይል አገኘ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ። የዳታቤዙ ቅጂ ነበር፤ ከጥፋቱ ዐሥር ቀን በፊት የተገለበጠ፣ 900 ስም ያለበት። ቋጣሪው ሳቀ። «ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ኖሮ!» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ያልጠየቅነው በእኔ ምክንያት ነው። የዚያች ሌሊት ወሬ በተነሣ ቁጥር፣ ጥያቄ በዝቶ ውሸቴ እንዳይጋለጥ፣ «በቃ አለቀ፣ ተበላሽቷል፣ ከአዲስ እንጀምር» እያልኩ ነገሩን የዘጋሁት እኔው ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን ነው የጊትላብን የራሱን ታሪክ ያነበብኩት። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ዲሚትሪ ዛፖሮዤትስ የሚባል ዩክሬናዊ ነው። ኩባንያው እንደሚተርከው፣ ሰውዬው የሚኖርበት ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረውም፤ በየቀኑ ከጋራ ጉድጓድ ይቀዳ ነበር። እሱን ግን ከውሃው ይልቅ ያስቸገረው ከባልደረቦቹ ጋር የሚሠራበት ደኅና መሣሪያ ማጣቱ ነበር ይባላል። በ2012 ሲድ ሲብራንዲ የተባለ ሆላንዳዊ መሣሪያውን አይቶ ንግድ ሊያደርገው ተነሣ፤ ኋላም ሁለቱ ተባበሩ። የኩባንያው ሠራተኞች በየአገሩ ሆነው ከየቤታቸው ይሠራሉ። በ2021 አክሲዮኑ በናስዳክ ገበያ መሸጥ ጀመረ።

ልቤን የያዘው ግን ሀብቱ ሳይሆን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የሆነው ነው። አንድ የጊትላብ ኢንጂነር መሽቶበት ሥራውን ሊያበቃ ሲል ዳታቤዙ ችግር ያመጣል። ሰውዬው ሁለተኛውን ሰርቨር ላጽዳ ብሎ ዋናውን መደምሰስ ይጀምራል። ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ ነቅቶ ቢያቆመውም 300 ጊጋባይት ከሚሆነው የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ነበር። ይህን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ሁለት መስኮት! እንቅልፍ! ያችው አንዲት ሴኮንድ!

መጠባበቂያ እንዳይባል፣ አምስት ዓይነት ዘዴ ነበራቸው፤ በዚያች ሌሊት አንዱም እንደሚገባ ሆኖ አልተገኘም። ቅጂው እንዳልተነሣ የሚያስታውቀው ኢሜይል እንኳ ሳይደርሳቸው ይመለስ ነበር። ያወጣቸው ያው ኢንጂነር ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ ሲል በእጁ ያነሣው ቅጂ ነው። አገልግሎቱ 18 ሰዓት ያህል ተቋረጠ። በመካከሉ የገባው የስድስት ሰዓት ሥራ፣ ማለት 5,000 ያህል ፕሮጀክት፣ 5,000 ያህል አስተያየትና 700 ያህል የአዲስ ተጠቃሚ መዝገብ፣ ተነካ። የተጠቃሚዎቹ ኮድ ግን አልጠፋም። እንደ እኛው መሆኑ ነው።

ኩባንያው ምን አደረገ? «መብራት ነው» አላለም። የሚሠራውን በየደቂቃው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጽሑፍ አስታወቀ፤ ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 ሰው ድረስ ተቀምጦ ያይ ነበር። ኋላ ባወጣው ዘገባ ኢንጂነሩን «የቡድን አባል 1» ብሎ ብቻ ጠራውና ጥፋቱን በአሠራሩ ላይ አደረገ። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው እንደ እኔ ዋሽቶ ነገሩን ለመዝጋት ቢሯሯጥ ኖሮ፣ ያንን የስድስት ሰዓት ቅጂ ማን ያስታውሰው ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን መድኃኒቱ ቋጣሪው ኪስ ውስጥ ተኝቶ ከከረመ በኋላ ነው።

ኩባንያው ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። ነጋዴ ነው፤ ገመናውን ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ደንበኛው እንዳይሸሽ ሊሆንም ይችላል። ደግሞስ ጣት የማይቀሰርበት ሰው ጥፋቱን ቢናገር ምን ይደንቃል? እያልኩ ላመልጥ ስል ራሴን ያዝኩት። በእኔስ ላይ ማን ጣቱን ሊቀስር ነበር? አራት ጓደኛሞች ነን፤ ቢበዛ የአንድ ሳምንት ኩርፊያ ነው። እኔ የፈራሁት ቅጣቱን አይደለም። «ጎበዙ ልጅ» መባሌ እንዳይቀርብኝ ነው። ለዚህች ስም ስል የሰው ልጅ ዘጠኝ ሌሊት አስከፈልኩ።

ባለፈው እሑድ ጸሐፊትን ሻይ ጋበዝኳትና ነገርኳት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ብዙ ዝም አለች።

«ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ መብራቱን ስረግም!» አለች። ከዚያ፣ «ቋጣሪውስ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ንገረው። እኔ አልነግርልህም» ብላ ተነሥታ ሄደች። የሻይዋን ራሷ ከፈለች።

ቋጣሪውና አራተኛው ጓደኛችን ይህ ጽሑፍ ለማባዣ ከመሰጠቱ በፊት ሰምተዋል። ጸሐፊት እስካሁን ስታገኘኝ ሰላምታዋ አጭር ነው፤ አልፈርድባትም። መድኃኒት ቤቱ በመዝገቡ ይሠራል። ቅጂው አሁን በሦስት ቦታ አለ፤ አንደኛው ቋጣሪው ፍላሽ ላይ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ሦስቱንም ከፍቶ በትክክል መነበባቸውን የማየት ተራው የእኔ ነው።