የተለያየ ሳሕን፣ አንድ ገበታ

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል። በአገራችን ምግብ ሲቀርብ አንድ መሶብ ወይም አንድ ትሪ ይከበባል፤ ከአንድ እንጀራ ይቆረሳል፤ የተወደደ ሰውም ይጎርሳል። መንገደኛ ቢያልፍ «እንብላ» ይባላል፤ እርሱም «ይባርክ» ብሎ ያልፋል፤ አለዚያም እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። በዚህ ልማድ ላደገ ሰው፣ እያንዳንዱ የየራሱን ሳሕን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዝም ብሎ የሚበላበት አገር ፍቅር የጎደለው መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ነውን? በጃፓንና በሲንጋፖር ትንንሽ ምግብ ቤቶች ያየሁትንና የቀመስሁትን በመግለጽ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

ወደ ጃፓን የሄድሁት ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ነበር። ማደሪያዬ በቶኪዮ ከተማ ከአንድ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ስለ ነበረ፣ ምሳዬንም ሆነ እራቴን የምበላው ሠራተኞችና ተማሪዎች በሚያዘወትሯቸው ርካሽ ምግብ ቤቶች ነበር። የእነዚህን ቤቶች ደጃፍ መለየት አያዳግትም። ቤቱ ክፍት ሲሆን በበሩ አናት ላይ «ኖረን» የሚባል አጭር የጨርቅ መጋረጃ ይሰቀላል፤ ሲዘጋ ይወርዳል። በብዙዎቹ መስኮት ውስጥ ደግሞ የምግቡ ምስል ተደርድሮ ይታያል። ሩዙም፣ ዓሣውም፣ መረቁም ሳይቀር እውነተኛ ይመስላል እንጂ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቀደም ሲል ከሰም ይሠራ ነበር። የአገሩን ጽሕፈት ለማያነብ እንግዳ ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ የፈለገውን በጣቱ ማመልከት ብቻ ይበቃዋልና። በአንዳንዶቹ ቤቶች በር ላይ ሳንቲም የሚጎርስ መኪና ቆሟል። ተመጋቢው ገንዘቡን ጨምሮ የመረጠውን ቁልፍ ሲጫን፣ መኪናው ትንሽ ወረቀት ይተፋለታል፤ ወረቀቱን ለወጥ ሠሪው ሰጥቶ ይቀመጣል።

እንግዳ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሲገባ፣ በሥራ ላይ ያሉት ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኢራሻይማሴ!» ይላሉ፤ «እንኳን ደኅና መጡ» እንደ ማለት ነው። ከዚያም በብዙ ቦታ ተጠቅልሎ የቀረበ እርጥብ ፎጣ ይሰጠዋል፤ ስሙም «ኦሺቦሪ» ይባላል። በብርድ ጊዜ ትኩስ፣ በሙቀት ጊዜ ቀዝቃዛ ይሆናል። ይህን ፎጣ በተቀበልሁ ቁጥር በአገራችን ልጆች ማስታጠቢያ ይዘው ጎንበስ ብለው እንግዳ የሚያስታጥቡት ትዝ ይለኝ ነበር። መሣሪያው ቢለያይም አክብሮቱ አንድ ነው።

በጣቢያዎች አካባቢ የሚዘወተረው ምግብ ሶባ ነው። ይህም ሶባ ከሚባለው እህል ዱቄት ተለውሶ፣ እንደ ፓስታ በቀጭኑ ተቆርጦ በትኩስ መረቅ የሚቀርብ ነው። በአንዳንዶቹ ቤቶች ወንበር እንኳ የለም፤ ተመጋቢው በባንኮኒው ላይ ጎድጓዳ ሳሕኑን አስቀምጦ፣ ቆሞ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በልቶ ወደ ባቡሩ ይሮጣል። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ድምፁ ነው። ሱፍ ልብስ የለበሱ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ሶባውን «ሽርር» እያደረጉ ይስቡታል። በእኛ ዘንድ ሲበላ ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ይገሠጻል፤ በዚያ ግን ሶባ ሲበላ እንዲህ ማድረግ ነውር አይደለም። ትኩሱን ምግብ ከአየር ጋር መሳብ ያቀዘቅዘዋል፤ መዓዛውንም ወደ አፍንጫ ያደርሳል። ራመን የተባለውም ምግብ የሚበላው በዚሁ ዓይነት ነው። ራመን ከቻይና ወደ ጃፓን የገባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 በቶኪዮ አሳኩሳ በተባለው ሰፈር የተከፈተው ራይራይኬን የተሰኘ ምግብ ቤት ለመስፋፋቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው።

ኦሳካ በተባለችው ከተማ ደግሞ ከዚህ የተለየ ትርኢት አየሁ። ምግቡ ራሱ ወደ ተመጋቢው እየተጓዘ ይመጣል! ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባለ የሱሺ ምግብ ቤት ባለቤት፣ በአንድ የቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሲጓዙ ተመልክቶ፣ ሳሕኖችስ ለምን እንዲህ አይጓዙም ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1958 በኦሳካ አጠገብ የመጀመሪያውን ተሽከርካሪ የሱሺ ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በኦሳካ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይም ዝናው ተስፋፋ። ሱሺ በሆምጣጤ የተቀመመ ሩዝ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በላዩ ጥሬ ዓሣ ይደረግበታል። ዱሮ ለባለጸጋ ብቻ ይመስል የነበረው ምግብ በዚህ ብልሃት ለሠራተኛውም ደረሰ። ተመጋቢው ፊቱ የሚያልፈውን ሳሕን ያነሣል፤ በልቶ ሲጨርስ ባዶዎቹ ሳሕኖች ይቆጠራሉ፤ በብዙ ቤቶች ዋጋው በሳሕኑ ቀለም ይታወቃል።

ጥሬ ዓሣ መብላት ለብዙ የውጭ አገር ሰው ያስፈራል። ቁርጥና ክትፎ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ግን ጥሬ መሆኑ ብቻውን አያስደነግጠውም። ከሱሺው ጋር የሚቀርበው ዋሳቢ የተባለ አረንጓዴ ማባያ ገና ምላስን ሲነካ ወደ አፍንጫ ወጥቶ እንባ ያስመጣል። «ይህማ ሰናፍጭ ነው!» አልሁ በልቤ። እንዲያውም ሰናፍጭና ዋሳቢ ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚወለዱ ዘመዳሞች ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ምግቡ ነው። ከላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን የአበላሉ ሥርዓት ነው። ጉርሻ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው በፍቅር ወደ ሌላው አፍ የሚደረገው ምግብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብ ነው። በጃፓን ልማድ ሁለቱም የሉም። አስተናጋጁ የተተወለትን ሳንቲም የተረሳ መስሎት ተመጋቢውን በመንገድ ተከትሎ ሊመልስለት ይችላል። ምግብን በመብያ እንጨት ይዞ ወደ ሌላው ሰው የመብያ እንጨት ማቀበል ደግሞ ከባድ ነውር ነው። ምክንያቱም፣ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተ ዘመድ የሟቹን አጥንት በእንጨት እያነሣ የሚቀባበለው በዚሁ ሁኔታ ነውና። በእኛ ገበታ ፍቅርን የሚገልጽ ድርጊት በእነርሱ ገበታ ሐዘንን ይጠራል።

ታዲያ እነርሱ ፍቅራቸውን በምን ይገልጻሉ? አንድ ምሽት በአንዲት ጠባብ የራመን ቤት ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጥሁ። በባንኮኒው ላይ የውሃ ማንቆርቆሪያ ነበር። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያውን አንሥተው፣ የራሳቸው ብርጭቆ ባዶ ሳለ፣ አስቀድመው የእኔን ሞሉልኝ። እኔም ተቀብዬ የእርሳቸውን ሞላሁ። ሁለታችንም በመጠኑ ጎንበስ አልን፤ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ በጃፓን ሰዎች አብረው ሲጠጡ ለራስ ከመቅዳት ይልቅ ለጎረቤት መቅዳት የተለመደ ነው።  እነሆ፣ የእነርሱ ጉርሻ!

ከመብላታቸው በፊት «ኢታዳኪማሱ» ይላሉ፤ «በትሕትና እቀበላለሁ» ማለት ነው። ሲጨርሱም «ጎቺሶሳማ» ይላሉ። የዚህ ቃል መሠረቱ መሯሯጥ ነው፤ ምግቡን ለማዘጋጀት የተሯሯጠውን ሰው ድካም ያስታውሳል። ብቻውን የተቀመጠው ተመጋቢ እንኳ ብዙ ጊዜ ይህን ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰው ገበሬውን፣ ዓሣ አጥማጁንና ወጥ ሠሪውን በልቡ ይዞ ይበላል ማለት ነው።

ከጃፓን ስመለስ በሲንጋፖር ጥቂት ቀናት አሳለፍሁ። በዚያ የሚዘወተሩት የቡና ቤቶች «ኮፒቲያም» ይባላሉ፤ «ኮፒ» በማላይ ቋንቋ ቡና፣ «ቲያም» በአንድ የቻይና ቋንቋ ሱቅ ማለት ነው። ቡናው በዚያ በስኳርና በቅባት ተቆልቶ፣ በጨርቅ ከረጢት ተጠልሎ፣ በቆርቆሮ ወተት ይጠጣል። ከእነዚህ ሌላ፣ ብዙ ትንንሽ ሻጮች በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩባቸው የምግብ አዳራሾች አሉ። መንግሥት በየመንገዱ ዳር ይሸጡ የነበሩትን ሰዎች ሰብስቦ ውሃና መብራት ወዳለባቸው ወደነዚህ አዳራሾች አስገባቸው። ይህ የአመጋገብ ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበረ የጾም ምግብ ፈለግሁ። ከአንድ ሕንዳዊ ሻጭ ዶሳ ያለ ቅቤ አዘዝሁ፤ ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ቦክቶ የሚጋገር ስስ ቂጣ ሲሆን፣ ለእንጀራ የቀረበ ዘመድ ነው። ቡናውንም ያለ ወተት ያዝሁ። ባዶ ወንበር ያገኘሁት ሌሎች ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ነበር። በፊቴ ሻሽ የተከናነበች የማላይ ሴት ከሐላል ሻጭ የገዛችውን ሩዝ ትበላለች፤ በቀኜ አንድ ቻይናዊ አዛውንት ሩዝ በዶሮ ይዘዋል። ሦስታችንም በአንድ ጠረጴዛ እንበላለን፤ ማንም የማንንም ሃይማኖት አልነካም። የሐላል ሳሕን እንኳ የሚመለስበት መደርደሪያ የተለየ ነው።

በዚያን ጊዜ የአገራችን ሠርግ ትዝ አለኝ። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ በተለየ ድስት ያሠራል፤ በተለየ ቦታ ያስተናግዳል። ይህ የሚያስመሰግን የመከባበር ልማድ ነው። ይሁን እንጂ፣ ሙሽራውን አብረው ያሳደጉት ሁለት ጎረቤታሞች በሚበሉበት ሰዓት ይለያያሉ፤ አንዱን ትሪ መካፈል አይቻላቸውምና። በሲንጋፖር ግን ትሪው ስለ ተለያየ ጠረጴዛው አንድ ሊሆን ቻለ።

ከዚህ የተነሣ አንዱን ልማድ አንቋሽሼ ሌላውን ላወድስ አልፈልግም። የመሶባችን ፍቅር በምንም አይለወጥም፤ ጉርሻችንም ይኑር። ነገር ግን አብሮ መብላት ማለት ከአንድ ሳሕን መብላት ብቻ አይደለም። የጎረቤቱ ብርጭቆ ባዶ መሆኑን የሚያይ፣ የሠራለትን ሰው ድካም የሚያመሰግን፣ የሌላውን ሃይማኖት አክብሮ ስፍራ የሚለቅ ሰው፣ ሳሕኑ ለብቻው ቢሆንም አብሮ ይበላል። በአንጻሩ ከአንድ ትሪ እየቆረሰ ከፊቱ ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው አለ። አባቶቻችን «ብቻውን የበላ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም።