ከለቡ እስከ ጅቡቲ፦ ለጎረቤቴ ልጅ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ለቡ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ መጣና ከጎኔ ወንበር ሳበ። ኮሌጅ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ሥራ ሲፈልግ ነው የከረመው። "ጋሼ፣ ጅቡቲ ወርጄ ንግድ ልጀምር አስቤያለሁ። እርስዎ ኖረውበታል፤ ምን ይመክሩኛል?" አለኝ። "አስቤ እነግርሃለሁ" ብዬ ሸኘሁት።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ከጀሞም፣ ከጎፋም፣ ከሳሪስም ስንት ወጣት ይህንኑ ጠይቆኛል። ሁሉንም በአጭር ቃል ነበር የምመልሰው። ዛሬ ግን ረዘም አድርጌ ልጽፈው።

ጅቡቲ የወረድኩት በ2003 ዓ.ም. ነው። የዛሬው ባቡር ያኔ የለም። ተሳቢ ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገን 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዝን። ከ2300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ባሕር ጠርዝ ድረስ መውረድ ማለት ነው። ጋላፊ ስንደርስ ሾፌሩ ሸሚዙን አወለቀና "ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ ሳይጠማህ ጠጣ" አለኝ። ስምንት ዓመት በዚያች ምክር ኖርኩ።

ስለ ሙቀቱ የሚነግራችሁ ሰው ብዙ ነው፤ ግን ካልቀመሱት አይገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከበረሃው የሚነሳ ነፋስ አለ፤ ካምሲን ይሉታል። ለእኛ ለነፋስ ስልክ ሰዎች ነፋስ ማለት ብርድ ነው፤ ጋቢ ያስደርባል። እዚያ ግን ነፋሱ ሲመጣ የዳቦ መጋገሪያ በር ሲከፈት ፊት ላይ የሚመታውን ግለት ነው ይዞ የሚመጣው። ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ ብርቅ አይደለም። ነፋሱ ጋብ ሲል ደግሞ የባሕሩ እርጥበት ይተካል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ ከክንዴ ሥር ፎጣ አነጥፍ ነበር። ያለዚያ ወረቀቱ ከላቤ ጋር ተጣብቆ ይነሳል፣ ቀለሙም ይፈሳል፤ ቀለሙ የፈሰሰ ሰነድ ይዞ መስኮት ላይ መቆም ደግሞ የግማሽ ቀን ኪሳራ ነው። የኮንቴይነር በር በባዶ እጅ የነካ ሰው ሁለተኛ አይነካም። ሾፌሮቻችን ከተሳቢው ሆድ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ፤ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነውና።

ሥራን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። እንጀራና ሻይ ይሸጣሉ፤ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው ትራንዚተርም ሾፌሩም እሳቸው ጋ ነው የሚበላው። እኚህ እናት ከጅቡቲ በፊት አሰብ ኖረዋል። ባለቤታቸው የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኛ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ልጅ አዝለው በጀልባ ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ ከተሻገሩት ወገኖቻችን አንዷ ናቸው። የመጀመሪያ ሳምንት ላይ በቀትር ስንከራተት አይተውኝ ጠሩኝና "ልጄ፣ እዚህ ሥራ የሚሠራው ጎህ ሲቀድ ነው። 6 ሰዓት ሲሆን ግባና ተኛ። 10 ሰዓት ላይ ትነሳለህ" አሉኝ። ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "አሰብ ሳለን ወደቡ የእኛው ነበር። መዘግየት ስንፍና ነበር፣ ሰው ይቆጣሃል፣ ያበቃል። እዚህ መዘግየት ሂሳብ ነው፤ ትከፍለዋለህ።"

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጅቡቲ ላይ የከሰረውንም ያተረፈውንም የለየው ይህ ነው። ኮንቴይነር ከመርከብ ሲራገፍ የተወሰኑ ነፃ ቀናት ይሰጡታል። ቀናቱ ሲያልቁ ዲመሬጁ፣ ማለትም የኮንቴይነሩ የመዘግየት ክፍያ፣ መቁጠር ይጀምራል፤ የወደብ ኪራዩም ለብቻው ይቆጥራል። ቆጣሪው በዓል አያውቅም፣ ሌሊት አያውቅም። እኛ ግን እናውቃለን። ዓርብ ጅቡቲ ዝግ ነው። እሑድ አዲስ አበባ ዝግ ነው፤ ቅዳሜም ሥራው ይቀዘቅዛል። ጅቡቲ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲገባ የከተማው ቀን ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ ወዲያ ፊርማ የሚፈልግ ሰው ነገን መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ያላለቀ ሰነድ ብዙ ጊዜ ሰኞን ያያል። ሳሪስ ላይ ሱቅ ያለው ወዳጄ በስልክ "እንዴት አራት ቀን ይፈጃል?" ብሎ ሲቆጣኝ ይህን ማስረዳት ያቅተኝ ነበር።

የእኔ ቁስል በ2008 ዓ.ም. የመጣ የሴራሚክ ኮንቴይነር ነው። ከጎፋ ሸሪኬ ጋር በግማሽ ነበርን። የመርከብ ጭነት ሰነዱ (ቢሉ) ላይ ያለው የካርቶን ብዛትና የዕቃ ዝርዝሩ (ፓኪንግ ሊስቱ) ላይ ያለው በአንድ አሃዝ ተለያየ። ስህተቱን የሠራው ዕቃውን የላከው ወኪል ነው፤ ግን ማረሚያው እስኪመጣ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። 23 ቀን ቆመ። በየጠዋቱ ወደቡ ድረስ እየሄድኩ ዕቃችን የተደረደረበትን አቅጣጫ ቆሜ አይ ነበር፤ ምንም እንደማልፈይድ እያወቅሁ። ሲወጣ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ጎድሎ ነበር። ሸሪኬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያ ዝምታው እስከ አሁን ያመኛል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ አስቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ባነብ ኖሮ መርከቡ ባሕር ላይ እያለ ይታረም ነበር።

ስመለስ በባቡር ነው የመጣሁት። መስከረም 2009 ተመርቆ፣ ለንግድ ሥራ በታኅሣሥ 2010 የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከናጋድ አንስቶ ለቡ አወረደኝ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሻገራል። ፈረንሳዮቹ የዘረጉት አሮጌው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር፤ ያ ለገሃር ያበቃ ነበር፣ የዛሬው መንገደኛ ግን የሚወርደው የእኛ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ለቡ ቤት የተከራየሁት። ከባሕር የራቅሁ አይመስለኝም።

በእርግጥም አልራቅንም። የአገራችን የወጪና ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ጎፋ ማዞሪያ ላይ የሚሸጠው ሴራሚክ፣ ሳሪስ የሚሸጠው መለዋወጫ ዋጋው የሚቆረጠው እዚያ ወደብ ላይ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ሆኖ ቆይቷል፣ አይነቃነቅም። ብራችን ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህ ማለት 32 ሳንቲም ገደማ የነበረች አንዲት ፍራንክ ከ55 ሳንቲም በላይ ሆነች ማለት ነው። የወደብ ኪራይ በፍራንክ አንድም ሳይጨምር፣ የቆመ ኮንቴይነር ዕዳ በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ። የ2008ቱ 23 ቀን ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሸሪኬ ሱቁን ይዘጋ ነበር።

ስለ ሕዝቡ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጅቡቲ እንደ ባዕድ አልተቆጠርኩም። ገበያው ውስጥ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ሲደባለቅ አማርኛም መሃላቸው አለ። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከእኛ ነው የሚሄደው። መብራታቸው ከእኛ መስመር ይመጣል፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠጡት ውሃ ሳይቀር ከሶማሌ ክልል ከአዲጋላ አካባቢ በቧንቧ ይወርዳል። እኛ ደግሞ በእነሱ ወደብ እንኖራለን። ማታ ነፋሱ ሲበርድ ከየመን ሰዎች ቤት ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በምድጃ ግድግዳ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በጋራ ሳህን ይቀርባል። ያን ማዕድ ከጅቡቲያዊ ጓደኞቼ ጋር ስንቴ እንደቆረስኩ አልቆጥረውም። ስታመም ሆስፒታል ያደረሰኝም የባልባላ ሰፈር ጎረቤቴ ነው።

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ መልሴ ይህ ነው። ሂድ። አትፍራ። ግን በሰኔ አትሂድ፤ ሰውነትህ እንዲለምድ በኅዳር ውረድ። የቤት ኪራይ ስትጠይቅ የኤሲውን የመብራት ሂሳብ አብረህ ጠይቅ፤ ከኪራዩ የማይተናነስበት ወር አለ። ለእኚያ እናት በርበሬና ጤና አዳም ውሰድላቸው፤ አድራሻቸውን እሰጥሃለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በራስህ ገንዘብ ዕቃ አትግዛ። ከአንድ ልምድ ካለው ትራንዚተር ሥር ግባና ቢልና ፓኪንግ ሊስት ጎን ለጎን አስቀምጠህ ማንበብ ተማር። ቅዳሜ ለቡ እጠብቅሃለሁ፤ የ2008ቱን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም፣ ይዤልህ እመጣለሁ።