የቆንስሉ ወረቀትና የምጽዋ በር

ከኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ አትላንታ

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝን ነገር ከሥሩ ልጀምርላችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።)

እዚህ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ብራያርክሊፍ መንገድ አጠገብ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ አምስት ስድስት ስደተኞች አለን። ሁላችንም ሃምሳን ተሻግረናል። ከመካከላችን አንዱ ኤርትራዊ ነው፤ የምጽዋ ልጅ። እኔም የተወለድኩት እዚያው ምጽዋ ነው። አባቴ በጃንሆይ ዘመን የምጽዋ ጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። አዲስ አበባ ገብተን፣ እኔ አድጌ፣ እሳቸው አርጅተውም፣ ስለ ወደቡ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ሳያዩዋት አረፉ። እኔና ይህ ወዳጄ በዚህ በአሜሪካ ኑሮ ወንድማማች ያደረገን ያው የምጽዋ ሙቀትና የምጽዋ ዓሣ ወሬ ነበር።

በጥቅምት ወር 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ንግግር በቴሌቪዥን ከቀረበ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ግን ተጣላን። እኔ የታሪክ ተማሪ ነበርኩና በኩራት፣ “ወረቀቱ አለ! በ1884 ዐፄ ዮሐንስና እንግሊዞች የተፈራረሙት ውል ምጽዋን ከፍቶልን ነበር” አልኩ። ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ፣ “ያ ወረቀት ሲፈረም አንድ የምጽዋ ሰው ተጠይቋል?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው እኔም ክፉ ቃል ተናገርኩ። “አንተ ደሞ የማን ጠበቃ ነህ?” አልኩት። ቶናው ገና ሳይወርድ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር ባዶውን ነው።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከቤቴ ብዙ ወደማይርቀው የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ፣ በ1993 አዲስ አበባ ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት በሽበቴ ቀጠልኩት ማለት ይቻላል። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ውድ አንባቢያን፣ የኛን የባሕር በር ነገር ለመረዳት መጀመሪያ ማየት ያለብን ምጽዋን ሳይሆን ዓደንን ነው። እንግሊዝ ዓደንን በጥር 1839 በጉልበት ያዘች። ከተማይቱን ያስተዳድር የነበረው ሹም ተጠሪነቱ ለህንድ፣ ለቦምቤይ መንግሥት ነበር። የዚህ ሹም ሥራ መርከብ መቁጠርና የድንጋይ ከሰል ማከማቸት ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ላሉት ሱልጣኖች ደሞዝ ይቆርጣል፤ ያስቸገረውን ደሞዙን ይከለክላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚነግድና እንደሚዋዋል ይከታተላል። በ1840 የታጁራው ሱልጣን ከሌላ የአውሮፓ መንግሥት ጋር እንግሊዝን ሳያሳውቅ ላይዋዋል ፈረመ። በዚያው ሰሞን የሙሻ ደሴቶች በአሥር ጆንያ ሩዝ ተሸጡ። አሥር ጆንያ! በ1850 ደግሞ ዓደን ከቀረጥ ነፃ ወደብ ተባለች፤ የቡናው ስም ማደሪያ የነበረችው የሞካ ገበያም እየደከመ ሄደ።

እኔ ዓደንን አውቃታለሁ። በ1993፣ በጥር ወር መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ከተበተነ በኋላ፣ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ተሻግሬ ዓደን ገባሁ። ክሬተር በሚባለው ሰፈር በአንድ ሱቅ ውስጥ ጆንያ እየተሸከምኩ ወራት ቆየሁ። ማታ ማታ ወደ ተዋሂ ወርጄ እንግሊዞች ኮረብታው ላይ ትተውት የሄዱትን የሰዓት ግንብ እያየሁ እቀመጥ ነበር። ያኔ የታየኝ ስደቴ ብቻ ነው። ያገሬ ንግድና ፖለቲካ ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያች ከተማ ሲጠበቅ እንደኖረ አላሰብኩም።

ከዓደን የተነሣው ካፒቴን ሃሪስ በ1841 አንኮበር ድረስ ዘልቆ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ንጉሡ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር ተዋዋሉ። በሰሜን በኩል ዋልተር ፕላውደን በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ተብሎ ምጽዋ ላይ ተሾመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከራስ ዓሊ ጋር ውል ፈረመ። ልብ በሉ፤ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። አንዱ መስፍን ካንዱ ሳይመክር፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጠመንጃ ፍለጋ ለፈረንጅ ይፈርም ነበር። “አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት” የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ምጽዋስ በማን እጅ ነበረች? ከ1557 ጀምሮ በቱርክ ስም፣ በአመዛኙ ግን በሕርጊጎ ናይቦች አስተዳደር፤ ኋላም በጂዳ ፓሻ ሥር፤ በ1865 ገደማ ደግሞ ለግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ተላለፈች። ደጋው ዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን፣ ሰሙን፣ ቆዳውንና፣ ሳንሸፋፍን እንናገር፣ የገዛ ወገኖቹን ባሮች አድርጎ ያወርዳል፤ ከታች ጨርቅና ጠመንጃ ይወጣል። ቆንስሉ መካከል ላይ ተቀምጦ የማን ነጋዴ እንዳለፈ፣ የማን ጠመንጃ እንደተያዘ ለለንደን ይጽፋል። የሱ ጥገኛ ነኝ ያለ ሰው በአገሬው ዳኛ አይዳኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህ ገብቷቸው ነበር። በ1855 ፕላውደን የቆንስል ጽሕፈት ቤት ነገር ሲያነሣባቸው አልተቀበሉትም፤ ሰውዬውን ግን እስከ ሞቱ ወዳጅ አደረጉት።

የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን ተነፈገው። ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። ሊያስፈታው የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ከየት መጣ? ከዓደን፣ ከዚያው የሹሙ ቢሮ። በመጨረሻ የናፒየር ጦር በዙላ ወረደ። አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደርና አርባ አራት ዝሆን ይዞ መቅደላ ወጣ። ሚያዝያ 1868 ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩን በትግራይ በሰላም ያሳለፉት ካሣ ምርጫ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ መድፍና ጠመንጃ ተሸለሙ።

የቆንስልነት ነገር ምን ያህል መልከ ብዙ እንደሆነ ለማወቅ ግን ቨርነር ሙንዚንገርን ማየት ይበቃል። ስዊዘርላንዳዊ ነው። ምጽዋ ላይ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ሆነ፤ ለናፒየር ዘመቻ ለእንግሊዝ ሠራ፤ በ1871 ደግሞ የግብጽ የምጽዋ ገዥ ሆኖ ቁጭ አለ! በሚቀጥለው ዓመት ከረንን ያዘ። ቆንስል ሳለ ያጠናውን መንገድ ገዥ ሲሆን ጦር አዘመተበት። በ1875 አውሳ ላይ በአፋሮች እጅ ሞተ። በዚያው ወር ጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ የግብጽ ጦር ተደመሰሰ። የሚገርመው፣ ጉራዕ ላይ ከግብጽ ጦር አለቆች አንዱ የነበረው ጄኔራል ሎሪንግ፣ በ1864 እዚሁ አትላንታ፣ ኤዝራ ቸርች በተባለው ውጊያ በደቡቦቹ በኩል ተሰልፎ የቆሰለ ሰው ነው። ዓለም ጠባብ ናት።

አሁን እኔ በኩራት ወደጠቀስኩት ወረቀት እንምጣ። በሱዳን ማሕዲስቶች ተነሥተው የግብጽን ጦር ከበቡት። ግብጽን የያዘችው እንግሊዝ ያንን ጦር የሚያወጣላት ፈለገች። አድሚራል ሂዊት ዓድዋ ድረስ መጥቶ ሰኔ 3 ቀን 1884 ተፈራረመ። ዐፄ ዮሐንስ ራሷን ምጽዋን ነበር የሚፈልጉት፤ የተሰጣቸው ግን ዕቃቸው፣ መሣሪያም ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ ነው። ቦጎስ ተመለሰላቸው። በምላሹ የተከበበውን የግብጽ ጦር በአገራቸው በኩል ሊያስወጡ ቃል ገቡ። ለግብጽ የፈረመው የምጽዋው ገዥ ሜሰን ቤይም፣ እንደ ሎሪንግ፣ ከተሸነፈው የአሜሪካ ደቡብ የመጣ ሰው ነበር።

ውሉ ስንት ጊዜ ቆየ? ስምንት ወር! የካቲት 5 ቀን 1885 የጣሊያን ጦር ምጽዋ ገባ፤ እንግሊዝ እያወቀች፣ እየፈቀደች። ፈረንሳይ ከምትይዘው ጣሊያን ትያዘው የሚል ሒሳብ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ራስ አሉላ በመስከረም 1885 ኩፊት ላይ ከማሕዲስቶች ጋር ተዋጉ። ሌላው ባፈረሰው ውል ምክንያት ያፈራነው ጠላት ጎንደርን አቃጠለ፤ በ1889 መተማ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በላ። ከምጽዋ የተነሣው ጣሊያንም በሰባተኛው ዓመት ዓድዋ ላይ ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል። እኔ ቅዳሜ ዕለት ስልስ የነበረው ይህንኑ ጨው ነው።

የወዳጄ ጥያቄም እዚህ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በዓድዋው ውል ሦስት ፈራሚዎች አሉ፤ እንግሊዝ፣ ግብጽ፣ ኢትዮጵያ። በሕርጊጎና በምጽዋ የሚኖረው ሕዝብ፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ዶቃ የሚሸጠው ወገን የትም የለም። ቱርክ ለግብጽ ስታስተላልፈው፣ እንግሊዝ ለጣሊያን ስትለቀው አልተጠየቀም። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ አልተጠየቀም። እኛ “ተነጠቅን” እያልን ስናለቅስ፣ የነጣቂውን ቋንቋ ራሳችን እየተናገርን መሆናችንን አላስተዋልንም።

እኛ ስደተኞችስ ከመሳፍንቱ በምን እንሻላለን? በ2007 እኔም ዋሽንግተን ሄጄ ደጅ ጠንቻለሁ። በጥቅምት የተወካዮች ምክር ቤት ኤች አር 2003ን ሲያሳልፍ አልቅሼ ጨፈርኩ። ሕጉ ሴኔት ሳይደርስበት ቀረ። ለአንድ ባለሥልጣን በስድስት ገጽ የጻፍኩት ደብዳቤም እስከ ዛሬ መልስ አልመጣለትም። እንግዲህ ቴዎድሮስን እኔ ነኝ የምወቅሰው? ከቤቴ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ያለው የካርተር ማዕከል፣ በመስከረም 1989 ደርግንና የኤርትራን ግንባር አገናኝቶ ነበር። በአምስተኛው ወር፣ በየካቲት 1990፣ ምጽዋ በጦርነት ተያዘች፤ ከተማይቱም ፈራረሰች። በፈረንጅ ከተማ ተቀምጠን ያልተስማማነው ነገር አገራችን ላይ በደም ይወራረዳል።

ደጅ መጥናት ኃጢአት ነው አልልም። የታሰረ ወገን ያለው ሰው የማያንኳኳው በር የለም። ነገር ግን ቆንስል የሚጽፈው ለራሱ መንግሥት ነው። ይህን ረስተን፣ እያንዳንዱ ድርጅት ለብቻው እየፈረመ፣ አንዱ አንዱን ለፈረንጅ እያሳጣ ሠላሳ ዓመት ኖርን። ዘመነ መሳፍንት በአውሮፕላን አሜሪካ ገብቷል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ዛሬም የባሕር በር ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ አልቀረበም። በታኅሣሥ ወር 2024 ደግሞ ከሶማሊያ ጋር በአንካራ፣ በቱርክ አገናኝነት፣ ሌላ ስምምነት ተደረገ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ወደብ ያስፈልገዋል፤ በዚህ አልደራደርም፤ የአባቴም ልጅ ነኝ። ጥያቄዬ እንዴት የሚለው ነው። በምሥጢር የተፈረመ፣ ሦስተኛ ወገን ዋስ የሆነበት፣ የወደቡ ሕዝብ ያልተጠየቀበት ወረቀት ስንት ወር እንደሚቆይ ታሪክ ነግሮናል። በጦርነት የተያዘ ወደብስ ምን እንደሚመስል የምጽዋን የፈረሱ ሕንፃዎች ያየ ያውቃል። የሚቆየው በግልጽ የተነገረ፣ ነጋዴው ከነጋዴው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጠቀምበት ስምምነት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ ለሕዝቡ የሚጠየቅ መንግሥት በሁለቱም በኩል ያስፈልጋል። ትግላችን ለዚህ ካልሆነ ለምንድነው?

አንተ የምጽዋው ልጅ፣ ይህን ታነብበዋለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ የኔ መልስ ግን ስድብ ሆነ። ስልክ ልደውል እያልኩ አፍሬ ቀረሁ። በአደባባይ በወረቀት ኮራሁብህ፤ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ቅዳሜ እንደ ወትሮው ቡና አለ። በረካውን ሳትጠጣ ነው የሄድከው።

እግዚአብሔር ለሁለቱም ሕዝቦች ልቦና ይስጥ!